ተጨማሪ መረጃ፦ አልጋ ነው ወይስ ጸሎት?

የደች ቋንቋ ሁለት ቃላትን ያለ ክፍት ቦታ አጋጥሞ ጥምር ቃል ይሠራል። መጋጠሚያውን መለየት የአንባቢው ፋንታ ነው። በአሥር ፊደላት የሚጻፍ አንድ ቃል እንመልከት። «ማሳ» (ብዙ ሕዝብ) እና «ኸቤት» (ጸሎት) ብለህ ከከፈልኸው የጅምላ ጸሎት ይሆናል፤ «ማሳዠ» (ማሳጅ) እና «ቤት» ካልኸው ደግሞ የማሳጅ አልጋ። (ይህ «ቤት» አልጋ ነው፤ ከእኛ ቤት ጋር ዝምድና የለውም።)

የሚለያቸው ድምፅ ነው። አንዱ ክፍለ ቃል ከሌሎቹ ጎልቶ ሲነገር አጽንዖት ይባላል። በደች ጥምር ቃላት ዋናው አጽንዖት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ቃል ላይ ያርፋል፤ ያውም ቃሉ ብቻውን ሲነገር በሚጎላበት ቦታ። ስለዚህ በጸሎቱ «ማ»፣ በአልጋው «ሳ» ይጎላል። የ«ኸ» እና የ«ዠ» ልዩነትም አለ፤ ሁለቱም የሚጻፉት ግን በአንድ ፊደል ነው!

መስመር ሲያልቅም ቃሉ በመጋጠሚያው ሊቆረጥ ይችላል። «ክዋርት-ስላኸን» ሩብ ዙሮች፣ «ክዋርትስ-ላኸን» የኳርትዝ ድርብርቦች ማለት ነው። እዚህ አጽንዖት አይረዳህም፤ ሁለቱም መጀመሪያው ላይ ይጎላሉ። ሁለቱን ጮክ ብለህ አንብብና «ስ» ወደየትኛው ክፍለ ቃል እንደምትሄድ አዳምጥ።