ጎርፉን ከአናቱ እንያዘው

 

የዛሬው ንባባችን ስለ ዕቅድ ነው። ዕቅድ ሲባል የቢሮ ወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእርሻችሁ አፈር ይቅር ወይስ ይሂድ የሚባለው በዚሁ ወረቀት ላይ ነው።

እስቲ በሒሳብ እንጀምር። 1 ሄክታር መሬት በእኛ ልማድ 4 ጥማድ ያህል ነው። በዚህ መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ስንት ውሃ ይሆናል? 200,000 ሊትር! በ20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር 10,000 ጀሪካን ይሞላል። ተራራው ሣርና ዛፍ ከለበሰ አብዛኛው ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል። ከተራቆተ ግን ቁልቁል ይሮጣል፤ እየሮጠም ጉልበት ያገኛል። መጀመሪያ አፈሩን ያጥባል፣ ቀጥሎ ቦረቦር ይቆፍራል፣ በመጨረሻ ደጃችን ይደርሳል።

ዝናብ ወርዶበት ወደ አንድ ወንዝ ወይም ጅረት የሚሰበሰበው መሬት ሁሉ «ተፋሰስ» ይባላል። ቦርከናን ተመልከቱ። ከደሴ አካባቢ ይነሣል፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ የውሃው መድረሻ አዋሽ ነው። እንግዲህ ከላይ ያለው ሰው ተራራውን ቢያራቁት፣ ከታች ያለው ሰው በደለል ይቀበራል። ውሃ የቀበሌ ድንበር አያውቅም።

ታዲያ ዕቅዱ እንዴት ይወጣል? በ1997 ዓ.ም. የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ መንገዱን ያሳያል። አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ቢሆን ይመረጣል ይላል።

አንደኛ፣ ነዋሪው ኮሚቴ ይመርጣል። ሴቶችም፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶችም ይግቡበት።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴውና የግብርና ባለሙያው ከኮረብታው አናት ወጥተው እስከ ታች በእግር ይሄዳሉ። ምንጩ የት ነው? ቦረቦሩ የት ጀመረ? ከብቱ የት ይግጣል? ይህን ሁሉ በካርታ ላይ ይሥላሉ።

ሦስተኛ፣ ሥራው በተራ ይደረደራል። ከላይ መሬቱ ከከብት ንክኪ ይከለላል፣ ችግኝ ይተከላል። ከመካከል በእርሻው ላይ እርከን ይሠራል። ከታች ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ይታሠራል። ከታች ብትጀምሩስ? አንድ ክረምት የመጣ ጎርፍ ክትሩን ጠርጎት ይሄዳል።

አራተኛ፣ ዕቅዱ ለሕዝብ ይነበባል፤ ሕዝቡ ያርመዋል፣ ያጸድቀዋል። ከዚያ ወረዳው ከበጀቱ ጋር ያገናዝበዋል።

ይህ አራተኛው ነገር ሲጎድል ምን እንደሚሆን ወሎ በደንብ ያውቃል። በ1970ዎቹ በተራሮቻችን ላይ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ብዙ ዛፍ ተተክሏል። ሠራተኛው ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ያገኝ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከዛፉ ብዙው ተቆረጠ፣ ከእርከኑም ብዙው ፈረሰ። ለምን? ገበሬው «የመንግሥት ዛፍ» ይለው ነበራ! ስንዴውን በላ እንጂ በዛፉ ላይ መብት አልነበረውም። የራሱ ያልሆነውን ማን ይጠብቃል?

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በአረንጓዴ ዐሻራ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። መትከል ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «ማን ይጠብቃል? ማን ይጠቀማል?» የሚለው ነው። የግጦሽ መሬታችሁ ሲከለል ሣሩን ማን ያጭዳል? ስንት ስንት ይደርሳል? ይህ ካልተጻፈ ድሀው ከብቱን ይዞ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የጨፋንም ነገር አንርሳ። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ለምለም እርጥብ መስክ ነው፤ የገዳ ሸንጎም ጨፌ ይባላል። ሣርም ሸንጎም በአንድ ስም መጠራታቸው ለእኛ ምክር ነው። በበጋ ከአፋር ጭምር ከብት ይዘው ወደ ጨፋ የሚወርዱ አርብቶ አደሮች አሉ። መስኩ እንዲታረስ ሲታቀድ እነሱ ካልተጠየቁ፣ ዕቅዱ የጠብ ዘር ይሆናል።

አሁን ወደ ከተማው እንግባ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት አንድ ከተማ የ10 ዓመት መዋቅራዊ ፕላን ያወጣል፤ ነዋሪውም ሐሳብ ይሰጥበታል። የአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር ከ100 እጅ መሬት 30 እጁ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 እጁ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 እጁ ለሕንጻ ይሁን ይላል። ያ 30 እጅ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዛፉ በከሚሴ ሙቀት ጥላ ነው፤ ሣሩና ክፍቱ ቦታ ጎርፍ ይጠጣል። የወንዙ ዳር ቤት ከተሠራበት፣ ቦዩም በፌስታል ከተደፈነ፣ ውሃው መንገድ አጥቶ ቤት ውስጥ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ ትናንት ወረቀት ሲቀርብላችሁ አውራ ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ ታትሙ ነበር። ምን እንደተጻፈ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነበር። ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። እንግዲህ ቃለ ጉባኤ ሲመጣ ሳታነቡ አትፈርሙ። አንብባችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፤ ሥራው መቼ ይጀመራል? ማን ይጠብቀዋል? ጥቅሙ ለማን ነው? አንዱ ከጎደለ እጃችሁን አውጡና «ይህ ይጻፍልን» በሉ።

እስቲ አሁን ደብተራችሁን አውጡና እነዚህን አምስት ቃላት ጻፉ፤ ተፋሰስ፣ እርከን፣ ክትር፣ ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ ለጎረቤት አንብቡ።