እናቱ የጻፈችለት ደብዳቤ

በቤታችሁ ባለው አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች ለመጨረሻ ጊዜ ያያችኋቸው መቼ ነው? ይህን ያስጠየቀኝ የአንዲት መበለት ታሪክ ነው።

ኤልሳቤጥ ባከስ የምትኖረው በሰሜን አሜሪካ፣ በኮነቲከት፣ ኖርዊች በምትባል ከተማ ነበር። በዚያ ዘመን ሕግ ላጸናው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደመወዝ ሕዝቡ ግብር ይከፍል ነበር። እርሷ ግን በሌላ ጉባኤ ታመልክ ስለ ነበር አልከፍልም አለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1752 ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ግብር ሰብሳቢዎቹ በጨለማና በዝናብ ወደ ወኅኒ ወሰዷት። 13 ቀን ታስራ ተፈታች፤ በምን ምክንያት እንደ ተፈታች እንኳ አላወቀችም። ኖቬምበር 4 ቀን ሁሉንም ለልጇ ጻፈችለት።

ልጇ አይዛክ በማሳቹሴትስ መጋቢ ነበር፤ በ1756 ሚድልቦሮ ላይ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። ደብዳቤዋን አልጣለም። ከ1777 ጀምሮ በሦስት ቅጽ ባሳተመው የኒው ኢንግላንድ ባፕቲስቶች ታሪክ ውስጥ አስገባው። እኔን የነካኝ ይህ ነው፦ የግብሩን ሕግ ከመንግሥት መዝገብ ማግኘት ይቻላል፤ ዝናቡን ግን የነገረችን እናቲቱ ናት።

በ1853 የአሜሪካ ባፕቲስቶች እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚሰበስብ የታሪክ ማኅበር አቋቋሙ። በየቤቱ ያለውን ግን ማን ይሰብስበው? እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ማታ ጠይቋት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን አብሯት እንደ ነበረ ጻፉ።

እኔም የባለቤቴን አሮጌ የአገልግሎት ደብተሮች ላስጥል በር ላይ አውጥቼ ነበር። መልሼ አስገባኋቸው።