ከመውጣት በፊት አወዳደቅ

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። እናቴ መርካቶ ውስጥ ፍራሽና ስፖንጅ ትሸጣለች፤ ልጄ ከሱቁ አጠገብ ከመኪና የወረደ የጆንያ ክምር ካየች ጫፉ ላይ ካልወጣች ዕረፍት የላትም። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ክምሩ ተናደና አብራ ወደቀች፤ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጄሶው እስኪፈታ ድረስ «ሁለተኛ እንዳትወጪ!» ስላት ከረምኩ። በተፈታ በሳምንቱ አጥር ላይ አገኘኋት።

ያኔ ነው ክልከላው እንደማያዋጣ የገባኝ። ብከለክላት የምትወጣው እኔ በሌለሁበት ነው።

ለካ ይህ ፍላጎቷ ስም ያለው ስፖርት ኖሯል። ቦልደሪንግ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከአራትና ከአምስት ሜትር የማይበልጥ አለት ላይ ያለ ገመድ መውጣት ነው። ስፖርቱ ቀድሞ ከዳበረባቸው ቦታዎች አንዱ ፓሪስ አጠገብ ያለው የፎንቴንብሎ ደን ሲሆን፣ ዛሬም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዱበታል። አለት መውጣት በ2013 ዓ.ም. ክረምት በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካተት፣ ስሎቬኒያዊቷ ያንያ ጋርንብሬትና የ18 ዓመቱ ስፔናዊ አልቤርቶ ጊኔስ ሎፔዝ ወርቅ ወስደዋል።

ነገሩ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ትግራይ፣ ገርዓልታ ውስጥ ወዳለው አቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በባዶ እግራቸው አለቱን እየቧጠጡ ይወጣሉ፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ሳይቀሩ። ለእንግዳ ግን «እግርህን እዚህ፣ እጅህን እዚያ» እያለ የሚመራው የአካባቢው ሰው አለ። እኔም ለልጄ ያጣሁላት ይህን ሰው እንደሆነ ተረዳሁ።

ስፖርቱን የሚሠራ አንድ የሰፈራችን ወጣት መጀመሪያ ያስተማረን መውጣትን ሳይሆን መውደቅን ነው። በሁለት እግር ማረፍ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ከዚያ በጀርባ መንከባለል፤ እጅን ግን ወደ ኋላ አለመደገፍ። የልጄ አንጓ የተሰበረው እጇን ተደግፋ ስትወድቅ ነበር።

ከሥር የሚቆም ሰውም ሥራ አለው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ልጁን አየር ላይ ልቅለብ አይልም፤ ጭንቅላቱና ጀርባው ፍራሹ ላይ እንዲያርፍ ይመራዋል እንጂ።

ፍራሹን ለማሠራት እናቴ ጋ ሄድኩ።

«ልጅቷን ድንጋይ ላይ ልትሰቅላት ነው?» አለችኝ።

«ያለዚያም መውጣቷ አልቀረ፣ እማዬ። ስትወድቅ የምታርፍበት ይኑራት።»

ዝም ብላ ቆየችና መቁረጫዋን አነሳች። ወፍራምና ለስላሳውን ስፖንጅ ከሥር፣ ቀጭንና ጠንካራውን ከላይ አድርጋ አነባበረችው፤ በሸራም አሰፋችው።

እሑድ ጠዋት በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ እንጦጦ ወጣን። መንገድ ዳር ድንጋይ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ለልጅ አይሆንም። የመረጥነው ከእኔ ቁመት የማይበልጥ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ያለና መውደቂያው ወደ መንገዱ ያልዞረ ነው። ሲደበድቡት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወይም የሚነቃነቅ ድንጋይ አይያዝም። ዝናብ ያረጠበው አለት ያንሸራትታል። ከሥር ያሉትን ጠጠሮች መልቀም፣ መውረጃውን አስቀድሞ ማየት፣ ቦታው ባለቤት ካለው ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የልጆች የጣት አጥንት ገና በማደግ ላይ ስለሆነ በጣት ጫፍ ብቻ መንጠልጠልን አያዘውትሩ፤ ጣታቸውን ካመማቸውም ያቁሙ።

ልጄ ወገቡ ላይ ስትደርስ ቆመች። እግሯ ይንቀጠቀጣል።

«አባቢ፣ አልችልም።»

ልቤ «ያዛት፣ አውርዳት» ይለኛል። እጄን እንደዘረጋሁ «እንደተማርሽው ውረጂ» አልኳት። ለቀቀች፤ አረፈች፤ ተንከባለለች። ከዚያ እጇን አራግፋ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች። በአራተኛው ሙከራ ጫፉ ላይ ተቀምጣ ከተማውን ቁልቁል ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጥር ላይ አላገኘኋትም፤ እሑድን ትጠብቃለች።

ማታ እናቴ ደወለች። ወጣች ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። «ስፖንጁ በቃ?» ነው ያለችው።

በቃ ብላትም አላመነችኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቅ ስደርስ አንድ ንብር ጨምራበት አገኘሁት።