የጉና ደመናና ባሕረ ሐሳብ

የደብረ ታቦር የባሕረ ሐሳብ ሊቅ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉትን ቁጥሮች አስልቶ ከ500 ዓመት በኋላ የሚውለውን የፋሲካ ቀን ይነግረናል። ከ4,100 ሜትር በላይ በሚዘልቀው በጉና ተራራ ራስ ላይ የሚዞረው ደመና ግን ከአንድ ወር በኋላ በየትኛው ቀን በረዶ እንደሚጥል ሊቁም የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያውም አይነግሩንም። ከዚህ ተነሥቶ ዝናብ ሕግ የለውም ማለት ስሕተት ነው። አየርም በሙቀት፣ በግፊትና በእርጥበት ሕግ ይመራል። ሕግ መኖሩ ሌላ፣ አስቀድሞ ማወቅ መቻሉ ሌላ ነው።

ነገሩ ስሕተት በሚያድግበት ፍጥነት ላይ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በኮምፒዩተር የሠራውን ስሌት ሊደግም 0.506127ን 0.506 ብሎ አስገባ። እኩልታው ያው ነው፤ በውስጡም ዕጣ የሚባል ነገር የለበትም። ሆኖም ሁለቱ ስሌቶች ጥቂት አብረው ተጉዘው ፈጽሞ ተለያዩ። ምክንያቱን በቀላል ጨዋታ ማየት ይቻላል። ከ0 እስከ 1 ካሉት አንድ ቁጥር ወስዳችሁ እጥፍ አድርጉት፤ 1 ከሞላ 1 ቀንሱለት፤ ደጋግሙት። መነሻው ላይ የተፈጠረች የአንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በየእርምጃው እጥፍ እየሆነች በ20 እርምጃ መላውን ርቀት ትሞላለች። ከዚያ ወዲያ ትንበያው ከግምት አይሻልም።

መሣሪያችን ቢሻሻልስ? ይጠቅማል፤ ነገር ግን ልኬታችንን አሥር እጥፍ ብናጠራው በዚህ ጨዋታ የምናተርፈው ሦስት እርምጃ ያህል ብቻ ነው። እንግዲያው ትንበያ ከንቱ ነው የሚል ቢኖር፣ መልሱ እዚያው ጨዋታ ውስጥ አለ፦ ከሞላ ጎደል ከየትኛውም ቁጥር ብንነሣ፣ በረጅሙ ሲታይ ግማሹን ጊዜ ከ0.5 በታች እንውላለን። አንዱ እርምጃ ቢሰወርም የብዙው ድምር ይታወቃል። የጉና ገብስ ዘሪም የነገውን ዶፍ ባያውቅም፣ ክረምት በሰኔ እንደሚገባ፣ የርብና የጉማራ ወንዞችም ሞልተው ወደ ጣና እንደሚወርዱ ያውቃል። ወቅቱን የሚያፈራርቀው የፀሐይ ጉዞ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ግን የክረምቱ መጠን ራሱ ከዓመት ዓመት ሲዋዥቅ መልክ አለው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ኤልኒኞ የሚባለው የባሕር ውኃ መሞቅ ሲበረታ የእኛ ክረምት የመሳሳት ዕድሉ ይጨምራል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የደረሰው ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ ባለሙያው የክረምቱን ዝናብ በዕድል መጠን ሲናገር እያመነታ አይደለም። ፋሲካ በቀን ይቆረጣል፣ ዝናብ በዕድል ይመዘናል፤ ሁለቱም ሒሳብ ናቸው።