ማመሳከሪያ ድምር

አንድ መዝገብ የሚታመነው በውስጡ የሰፈረው ቁጥር በተጻፈበት ጊዜ እንደነበረ ሆኖ ሲገኝ ነው። በራያ ቆላ ማሽላ ዋነኛ ሰብል ነው፤ በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥር በቆቦ በሚገኘው የሙከራ ቦታም የማሽላ ዝርያዎች ይፈተናሉ። የሦስት ዝርያዎች ምርት 24፣ 31 እና 18 ኪሎ ሆኖ በኮምፒዩተር ተመዘገበ እንበል። በዲስኩ ጉድለት አንዲት ቢት ብቻ ብትለወጥ 31 የነበረው 15 ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንደኛ የነበረው ዝርያ የመጨረሻ ሆኖ ይጣላል። ድርቅ በሚደጋገምበት አገር ደግሞ የተሳሳተ ዘር መምረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያጋልጠው ዘዴ ቼክሰም ወይም ማመሳከሪያ ድምር ይባላል። ሦስቱ ቁጥሮች ሲደመሩ 73 ይሆናሉ፤ ይህም ከመዝገቡ ጋር አብሮ ይቀመጣል። 31 ወደ 15 ሲለወጥ ድምሩ 57 ስለሚሆን ስሕተቱ ይታወቃል። ነገር ግን 24 እና 18 ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ያው 73 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር በተራ ቁጥሩ አባዝቶ መደመር ይሻላል። 1×24፣ 2×31 እና 3×18 ሲደመሩ 140 ይሆናሉ፤ ቦታ ከተለዋወጡ በኋላ ግን 152።

ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት መዝገቡን አብዛኛውን ጊዜ 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ይከፍላል። ጥበቃው በበራበት ቋት ገጹ ወደ ዲስክ ሲጻፍ ከላይ ካየነው በረቀቀ ስሌት ድምሩ ተሰልቶ አብሮት ይሰፍራል፤ ገጹ ከዲስክ ሲነበብም እንደገና ይሰላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ቋቱ ስሕተቱን ያስታውቃል። ይህ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር ቋቱን የሚያቋቁመው ባለሙያ ራሱ ማብራት ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው 18ኛው እትም ወዲህ ግን፣ አዲስ ቋት ሲቋቋም፣ አጥፉት ካልተባለ በቀር ይበራል። ጥበቃው ያልበራለትን ነባር ቋት በሚመለከት፣ ከ12ኛው እትም ጀምሮ አገልግሎቱን በወጉ ዘግቶ ማብራት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማመሳከሪያ ድምር ስሕተትን ያመለክታል እንጂ አያቃናም። የተበላሸውን ለመመለስ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ደህና ቅጂ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ መዝጋቢው ከመነሻው 31ን 13 ብሎ ቢጽፍ፣ ድምሩ ያንኑ ስሕተት እንደ እውነት ይጠብቃል። ስለዚህ የመዝገብ እውነተኛነት የሚጀምረው ከመዛኙና ከጸሐፊው ጥንቃቄ ነው።

መልመጃ
1. 24 እና 31 ቦታ ቢለዋወጡ በተራ ቁጥር እየተባዛ የሚገኘው ድምር ስንት ይሆናል?
2. «ያመለክታል እንጂ አያቃናም» የሚለውን አባባል በአንድ አንቀጽ አብራሩ።