ክረምትና የጣና ዓሣ

በጾም ወራት ተክለ ሃይማኖት ሠፈር ለምሳ ስንወጣ፥ ዓሣ አንድ ጊዜ በዝቶ ሌላ ጊዜ ቢጠፋ፥ የዕድል ነገር ነው እንላለን። ነገሩ ግን የአየርና የውሃ ነው። ጣናን እንመልከት።

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተለይተው የቀሩ፥ በሌላ አገር የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የባርበስ ዝርያዎች በሐይቁ ይኖራሉ። በበጋ በሰፊው ውሃ ተበታትነው ስለሚኖሩ አንዳንዶቹን ማግኘት ያስቸግራል። ክረምት ገብቶ ጉማራና ርብ ሲሞሉ ግን ሰባት ያህሉ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ዕንቁላላቸው ንጹሕ ጠጠርና ፈሳሽ ውሃ ስለሚሻ፥ ጎርፉ ጋብ ሲል ወደ ገባሮቹ ይወጣሉ።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤም ከዓሣ ሁሉ የሚገዝፈው ሻርክ በብዛት የሚታየው፥ ነፋሱ ተለውጦ ምግቡ በሚበረክትበት በኅዳርና በታኅሣሥ ግድም ነው።

በዚያ ሰሞን የጣና መረብ ሲሞላ ተመልካቹ «ዓሣ በዛ» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዓሣው ተሰበሰበ እንጂ አልበዛም። ከወላጁ ጋር የመጪው ዓመት ዘር አብሮ ይጠመዳል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ዓሣ ሲረክስልን ከመደሰታችን በፊት «ወሩ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ።