አይጥን ሳይገድሉ ስለ መቁጠር

ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ አብዛኛው የሚኖረው በባሌ ተራራዎች ነው። ምግቡም በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። እንግዲህ የቀበሮውን ዕድል ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ አይጦቹን መቁጠር ይኖርበታል። ታዲያ በጉድጓድ የሚኖረውን እንስሳ እንዴት አድርጎ ይቆጥረዋል?

አይጡን ገድሎ ቆዳውን በጥጥ ሞልቶ በሙዚየም ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ይህም ዓይነቱን ለመለየት ይጠቅማል፤ ብዛቱን ግን የሚነግረን በሕይወት ተይዞ የተለቀቀው ነው። መሣሪያው ከቀጭን አሉሚኒየም የተሠራ ሣጥን ነው። አይጡ የተፈጨ ለውዝና አጃ ሸትቶት ገብቶ ወለሉን ሲረግጥ፣ በሩ ከበስተኋላው ይዘጋል። 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ሌሊቱ ውርጭ ስለ ሆነ፣ በሣጥኑ ጥጥ ያልጨመረ ተመራማሪ ጧት በድን ሊያገኝ ይችላል። ቀን ደግሞ ብረቱ በፀሐይ ስለሚግል ቶሎ ቶሎ መጎብኘት ያስፈልጋል። መኝታ የሚወድ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም!

የተያዘው አይጥ በጨርቅ ከረጢት ይመዘናል፤ ጅራቱና የኋላ እግሩ ይለካል፤ በጆሮው ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ ብረት ተደርጎለት በተያዘበት ስፍራ ይለቀቃል። ዋናው ብልሃት ከዚህ በኋላ ነው። 40 አይጦች ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ እንበል። ከጥቂት ቀናት በኋላ 50 ሲያዙ 10ሩ ምልክት ያላቸው ሆነው ቢገኙ፣ ከአምስቱ አንዱ ምልክት አለው ማለት ነው። ስለዚህ የስፍራው አይጥ 200 ያህል ይሆናል። ዴንማርካዊው የዓሣ ሊቅ ፔተርሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. ስለ ዓሣ በጻፈው ጥናት ለዚህ ዘዴ መሠረት ጥሏል። ይሁን እንጂ ሒሳቡ የሚያዋጣው በመካከሉ ብዙ አይጥ ካልሞተና ካልተሰደደ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለውዙን ወድዶ በየቀኑ እየተመለሰ ይያዛል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል።

ትልቁ የባሌ ፍልፈል ግን አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝንና ኑሮውም ከምድር በታች ስለ ሆነ ለዚህ ሣጥን አይመችም። ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ በጉድጓዱ አፍ ያለውን ሣር ይነጭና ተመልሶ ጉድጓዱን በአፈር ይደፍናል። ስለዚህ የሚቆጠረው አዲስ አፈር የታየበት ጉድጓድ ነው። አንዱ ፍልፈል ብዙ ጉድጓድ ስለሚከፍት ግን፣ ይህ የብዛት ምልክት እንጂ የፍልፈሎቹ ልክ አይደለም።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው መደጋገሙ ነው። ቆጠራው በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው የሣጥን ብዛት ካልተደረገ፣ ከብት በዝቶ ሣሩ ሲመናመን አይጡ ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም ብሎ የሚከራከር ሹም በእጁ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።